ዋስ የተጠራለት የሒሳብ ትምህርት

ሁለት ሺህ አስር ዓመተ ምሕረት ነበር። እኔ ስድሳ ስምንት ዓመቴ። የተወለድኩበትን ቀን የጻፈ ስለሌለ አንድ ዓመት ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ከማንም ጋር አልከራከርም። በሌላው ነገር ግን እከራከራለሁ። ደባርቅ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ይህን ይመሰክራል።

ቤታችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። አንዱን ክፍል ከዳባት የመጣች ወጣት አስተማሪ ተከራይታው ነበር። በአዘቦት ቀን ለስድስተኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ ታስተምራለች፤ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ለትልልቅ ሰዎች ማንበብና መጻፍ። ሚስቴ የእሑዱ ክፍል ተማሪ ናት። ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ስትወጣ ላያት ሰው ለንግሥ የምትሄድ ነው የምትመስለው። ተመልሳ ስትመጣም አታርፍም፤ የሳሙናውን ካርቶን፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የአውቶቡሱን ግንባር፣ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች።

«ና እንሂድ፣ ቦታ አለ» ትለኛለች።

«አልሄድም።»

«ብትሄድ ምን ትሆናለህ?»

«ምንም አልሆንም። ግን አልሄድም።»

በልጅነቴ ቄስ ዘንድ ፊደል ጀምሬ ነበር፤ ግማሹ ላይ ስደርስ ለእርሻ ተፈለግሁና እዚያው ላይ ቀረሁ። ስሜን እጽፋለሁ፤ ይበቃኛል አልኩ። ደግሞስ በስድሳ ስምንት ዓመቴ በልጆች ወንበር ላይ ከሚስቴ ጎን ተቀምጬ፣ ቤቴን በተከራየች ልጅ «ጎበዝ» ልባል ነው? እምቢ አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ እምቢ።

ከፋሲካ በኋላ የወላጅና የመምህራን ኅብረት ስብሰባ ተጠራ። እኔም አባል ነኝ፤ የተመረጥኩት ሰው ሲጣላ ስለማስታርቅ ነው። ዳይሬክተሩ ተነሥቶ ነገሩን አስረዳ። ለስድስተኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ፣ በራሳችን አገር ነገር የሚሰጥ ተጨማሪ ትምህርት ሊዘጋጅ ነው። ትምህርቱ ከመዘጋጀቱ በፊት ግን ዓላማው ይጻፋል፤ ዓላማ ማለት ልጆቹ ሲጨርሱ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ነው። ወላጅም ሐሳብ ይስጥበት ተብሏል።

አስተማሪቱ ያዘጋጁትን ማንበብ ጀመረች። ሁሉም አጀማመሩ አንድ ነው።

«በዚህ ትምህርት መጨረሻ ተማሪዎች የመለካትን ጥቅም ይገነዘባሉ። በዚህ ትምህርት መጨረሻ ተማሪዎች ለሳይንስ በጎ አመለካከት ያዳብራሉ። በዚህ ትምህርት መጨረሻ ተማሪዎች...»

አብረውን የተቀመጡት የደብራችን ቄስ፣ እሳቸውም ወላጅ ናቸው፣ በየመጨረሻው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር፤ ትንሽ ብትቀጥል በዜማ ይቀበሏት ነበር። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ይሄን ያለው ማነው?»

«ምኑን፣ አባባ?»

«ይችላሉ፣ ይገነዘባሉ ያለው። በልጆቹ ፈንታ የሚናገረው።»

«እኛ መምህራኑ ነን። ከተስማማችሁ ደግሞ እናንተም» አለች።

«እንግዲያው ዋስ ጥሩ።»

ቤቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በሽምግልና ስንቀመጥ፣ «ሁለተኛ ድንበሩን አልገፋም» ያለ ሰው ዋስ ሳይጠራ አይነሣም። ቃሉን ቢያፈርስ ዋሱ ይጠየቃል፤ ዋሱን ያስጠየቀ ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ከሰው ፊት አይቆምም። አንድ ሰው ስለ ገዛ ራሱ ሲናገር ዋስ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ስለ ሌላ ሰው ልጆች ሲናገር በባዶ እናሳልፈው?

«አባባ፣ ይሄ ዓላማ ነው እንጂ ውል አይደለም» አለኝ ዳይሬክተሩ።

«በሰው ፊት ይችላሉ ከተባለ ውል ነው። ቢቀር ማን እንደሚጠየቅ ይታወቅ።»

ዳይሬክተሩ ያድኑኝ ብሎ ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ነገሩ ያስኬዳል» አሉ። ለጨዋታ ይሁን ለቁም ነገር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እንዲህ ተጀመረ። አስተማሪቱ ታነባለች፤ እኔ ዋስ እጠራለሁ።

«የመለካትን ጥቅም ይገነዘባሉ። ዋስ?»

የሚነሣ ጠፋ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ገበሬ «ልጄ መገንዘቡን በምን አውቄ ዋስ እሆናለሁ?» አለ።

«እሺ ሲልህ ነዋ» አለው ጎረቤቱ።

«እሺማ ሁልጊዜ ይለኛል። ከብቶቹን መልስ ስለው እሺ ይላል፤ ከብቶቹ ገብሱ ውስጥ ናቸው።»

እሱ ተሰረዘ። ቀጥሎ «የተራራችንን አራዊት ያደንቃሉ» የሚለው መጣ። ለዚህ ቄሱ ራሳቸው ተነሡ።

«እኔ ዋስ ነኝ። ያደንቃሉ።»

«አባታችን፣ ማድነቃቸው በምን ይታያል?» አልኳቸው።

«አፋቸውን ይከፍታሉ።»

«ሲያዛጉም ይከፍታሉ» አለች ሚስቴ ከሴቶቹ ወንበር።

ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፍነው ተቀመጡ። እሱም ተሰረዘ። «ጭላዳን ከሌላው ዝንጀሮ በምልክቱ ለይተው ያሳያሉ» ለሚለው ግን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ተነሣ። ድሮ ተራራው ላይ፣ ጨነቅ ከሚባለው ቦታ፣ እንግዳ እየመራ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። «ይሄንስ ዓይናቸውን ጨፍነው ይችላሉ» አለ። «ዓይናቸውን ጨፍነው ምን ሊያዩ?» ተባለ። ገልጠውም ቢሆን ዋስ ነኝ አለና ጸደቀ።

አስተማሪቱ ሳቋ እንባ አምጥቶባት በመዳፏ ትጠርጋለች። «ኮሌጅ ስንማርም ‹ይገነዘባሉ› አትበሉ፣ ሲያደርጉት የሚታይ ነገር ጻፉ ይሉን ነበር። ዋስ ጥሩ ያለን ግን የለም» አለች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና የመጨረሻውን አነበበች። ስታነበው ድምጿ ተለወጠ። ይቺኛዋን የምትወዳት መሆኑ ያስታውቃል።

«በዚህ ትምህርት መጨረሻ ተማሪዎች የአንድን ረዥም ነገር ቁመት፣ ሳይወጡበት፣ በጥላው ለክተው ያሰላሉ።»

ሁላችንም በመስኮቱ የባንዲራውን እንጨት አየን። ግቢው ውስጥ ከእሱ የረዘመ ነገር የለም።

«ያንንም?» አለ ገበሬው።

«ያንንም።»

«ሳይወጡ?»

«ሳይነኩት።»

«ዋስ?» አልኩ።

«እኔ» አለች።

«አንቺ አትሆኚም። ባለጉዳይ ለራሱ ዋስ አይሆንም።»

ወላጁን ብናየው ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ቄሱ የመቋሚያቸውን ጫፍ ይመረምራሉ። የልጅቱ ፊት ቅዝዝ አለ። ዋስ የሚባለውን ነገር ያመጣሁት እኔ፤ ልትሰረዝ የቀረበችው ደግሞ እሷ የምትወዳት ዓላማ። እንዲያው ግልፍ አለኝና ብድግ አልኩ።

«እኔ ዋስ ነኝ።»

«ባይችሉስ፣ አባባ?» አለ ዳይሬክተሩ። እሱም ጨዋታው ገብቶበታል።

አፌን ስከፍት ሚስቴ ቀደመችኝ። «ባይችሉ እኛ ክፍል ይግባ። እሑድ ጠዋት፣ ከፊት ወንበር።»

ቤቱ ተናጋ። አንዲት ሴትዮ ከሳቋ የተነሣ ከወንበሩ ጫፍ ወረደች። ሰው ሁሉ እኔን እያየ ሲስቅ መለስ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

«እገባለሁ» አልኩ። «ከቻሉ ግን ‹ና እንሂድ› የምትይኝ ነገር ያበቃል። ሁለተኛ እንዳልሰማው።»

«ያበቃል» አለች። ቄሱ ምስክር ሆኑ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው አበደ ማለት ይቻላል። መናኸሪያ ረዳቱ «አሁን እንወጣለን» ሲል ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ልብስ ሰፊው «ለሐሙስ ይደርሳል» ሲል ደንበኛው ዋስ ይጠይቃል። እሑድ ቄሱ ስብከታቸውን ሲጨርሱ «እንግዲህ ይህን ተገንዝባችኋል» አሉና ወደ እኔ አይተው ቃላቸውን ሳይጨርሱ መስቀላቸውን አነሡ። እኔም ቤት ውስጥ ጀመርኩ። «ምሳው አሁን ይደርሳል» ስትለኝ «ዋስ ጥሪ» አልኳት። «የዚህ ቤት ምሳ ዋስ የለውም፤ ከፈለግህ ብላ፣ ካልፈለግህ ተወው» አለችኝ። በላሁ።

ዋስ የሆነ ሰው ነገሩን መከታተል አለበት። ስለዚህ የስድስተኛ ክፍል መስኮት ላይ ክርኔን አስደግፌ መዋል ጀመርኩ። ልጆቹ ሲያዩኝ «ዋሳችን መጡ» ይላሉ። አንድ ቀን አንዷን ጠርቼ ጥላ እንዴት ቁመት እንደሚሆን ንገሪኝ አልኳት።

«ዱላ እናቆማለን» አለች። «ዱላው አንድ ሜትር ነው። ጥላው ግማሽ ሜትር ከሆነ ዛሬ ፀሐይ ሁሉን ነገር በግማሹ ታስተኛለች ማለት ነው። ስለዚህ የባንዲራውም ጥላ የቁመቱ ግማሽ ነው። ጥላውን ለክቶ እጥፍ ማድረግ ነው።»

«ፀሐይ ለዱላና ለእንጨት እኩል ታደርጋለች?»

«ባንድ ሰዓት ላይ ከሆነ ታደርጋለች።»

ደስ አለኝ። ማታ ለሚስቴ «ወንበሬን ለሌላ ስጡት» አልኳት።

የሚለካበት ቅዳሜ ደረሰ። ስነሣ ጉም ነው። የገዛ አጥሬን ማየት አልቻልኩም። ግቢው ስንደርስ ልጆቹ ዱላቸውን ተክለው ዙሪያውን ቆመዋል፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም። የባንዲራው እንጨት ወገቡ ላይ ደርሶ ጉም ውስጥ ይጠፋል። ወሬውን የሰማ ሰው ሁሉ መጥቷል። ሚስቴ ከሴቶቹ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች፤ እንዝርቷ ይስቅብኛል።

«ወደ ቀትር ከሄደ ጥላው ሁሉ እግራችን ሥር ይገባል፤ ዛሬ አይሆንም» አለች አስተማሪቱ ሰማዩን እያየች።

«አባታችን፣ እባክዎ አንድ ነገር ይበሉ» አልኳቸው ቄሱን።

«ለዝናብ እንጂ ለጥላ የሚጸለይ ጸሎት አልተማርኩም» አሉኝ።

ረፋዱ ላይ ጉሙ ቀደድ አለ። የዱላው ጥላ መሬት ላይ ወጣ፤ ልጆቹ ሜትራቸውን ይዘው ተረባረቡ። ለክተው ወደ ባንዲራው እንጨት ሲሮጡ ፀሐይዋ ተመልሳ ገባች። ቆመን ጠበቅን። እንደገና ስትወጣ የእንጨቱን ጥላ ለመለካት ሮጡ። አስተማሪቱ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው። «የዱላው ጥላ የቅድሙ ነው፤ የእንጨቱ የአሁን ነው። ሁለቱም ባንድ ጊዜ።»

«ትንሽ ብቻ እኮ ነው የቆየችው» አልኩ።

«አባባ፣ ፀሐይዋ ቁማ አልጠበቀችንም።»

ሦስተኛ ስትወጣ ግማሾቹ ዱላው ዘንድ፣ ግማሾቹ እንጨቱ ዘንድ ተዘጋጅተው ነበር። ዳይሬክተሩ «አሁን» አለ። ባንድ ጊዜ ለኩ። እኔ ሳላስበው ኮፍያዬን አውልቄ ይዤ ነበር። ልጆቹ መሬት ላይ ተደፍተው ጻፉ፣ ሰረዙ፣ ተጨቃጨቁ። መጨረሻ ላይ ያቺ ስለ ጥላው ያስረዳችኝ ልጅ ቆማ «ዘጠኝ ሜትር» አለች።

«እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል?» አለ ገበሬው።

በገመዱ፣ አልኩ። ባንዲራው የሚወጣበት ገመድ ከታች እስከ ላይ ይደርሳል፤ አውርደን እንለካዋለን። ዋሱ እኔ ስለሆንኩ ማንም እንዲነካው አልፈለግሁም። ቋጠሮውን ራሴ ፈታሁ።

«አባባ፣ አንዱን ጫፍ ያዙት፣ እንዳያመልጥዎት» አለ ዘበኛው።

«ገመድ አታስተምረኝ» አልኩና ሳብኩ። ገመዱ ሮጦ ሮጦ ከላይኛው መዘውር ወጥቶ ከሰማይ ራሴ ላይ ወረደ። ኮፍያዬም ሄደ። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ዘበኛው ግን ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ «ሰኞ ባንዲራውን በምን ልሰቅል ነው?» ይላል።

ገመዱን ሣሩ ላይ ዘርግተን ለካነው። አስራ ስምንት ሜትር ሆነ።

ሳቁ ቆመ። እንደገና ለካን፤ ያው ነው። ልጆቹ ዘጠኝ ብለዋል፤ ገመዱ አስራ ስምንት ይላል። አስተማሪቱ ከልጆቹ ጋር ጎንበስ ብላ የጻፉትን መልሳ ትመረምራለች። ዳይሬክተሩ በጣቱ አየር ላይ ያካፍላል። ገበሬው ወደ እኔ መጥቶ ትከሻዬን ያዝ አደረገና «ከፊት ወንበር ነው የተባለው፣ አይደል?» አለኝ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሚስቴን ያያሉ።

እሷ እንዝርቷን አስቀምጣ ገመዱን ታያለች። ከዚያ እንጨቱን። ከዚያ እንደገና ገመዱን።

«ቆዩ» አለች። «ይሄ ገመድ ወጥቶ ብቻ አልቀረም፤ ወርዷልም። ታስሮ የነበረው ሁለቱም ጫፍ ከታች ነው። የለካችሁት መሄጃውንም መመለሻውንም ነው።»

ልጆቹ «ግማሹ» ብለው ጮኹ። አስተማሪቱ ግንባሯን መታ አድርጋ ሳቀች። የአስራ ስምንት ግማሽ ዘጠኝ ነው፤ ይቺን እኔም አውቃለሁ።

ነፃ ወጣሁ። ገመዱን እንደ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጥዬ እንጨቱን እየዞርኩ እስክስታ መታሁ፤ ልጆቹ አጨበጨቡልኝ፤ ቄሱ እንኳ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ምቱን ያዙልኝ። ሲደክመኝ ሚስቴ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ።

«አንቺ ሴት፣ አሸንፈሽኝ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ታዲያ ምን አናገረሽ?»

«ልጆቹ ትክክል ናቸዋ» አለችና እንዝርቷን አነሣች። አላየችኝም። ሦስት ዓመት የለመነችውን ነገር በገዛ አፏ እንደጣለችው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጭፈራው እግሬ ውስጥ ትንሽ ቀዘቀዘ።

አስተማሪቱ ወደ መሃል መጣች። ወረቀት አልያዘችም። «አንድ የቀረ ዓላማ አለ» አለች። «በዚህ ትምህርት መጨረሻ አባባ፣ ከስማቸው ሌላ፣ የገዛ ነገራቸውን በገዛ እጃቸው ይጽፋሉ።»

ሳቁ ተመለሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ነፃ ሰው ነኝ።

«ዋስ?» አለ ዳይሬክተሩ፣ የእኔን ድምፅ አስመስሎ።

«እኔ» አለች ሚስቴ።

«ባይችሉስ?»

«ባይችል እኔም ደብተሬን እዘጋለሁ። ሁለተኛ እሑድ አልመጣም።»

ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ፊቷን አየና ተወ። እኔ ሳላየውም አውቃለሁ፤ ይቺ ሴት ያለችውን ታደርጋለች። የአውቶቡሱን ግንባር ማንበብ ትተዋለች፤ የሳሙናውን ካርቶን ትተዋለች።

«ዋስ ሁኚልኝ ብዬሻለሁ?» አልኳት።

«ልጆቹስ ዋስ ሁኑልን ብለውህ ነበር?»

«ና እንሂድ አትይኝም ብለሽ ቃል ገብተሻል። ምስክሩ እዚህ አሉ።»

«አላልኩህም። ና አላልኩህም፤ እንሂድም አላልኩህም። ዋስ ነኝ ነው ያልኩት።»

ቄሱን አየኋቸው። «ቃሏን አላፈረሰችም» አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዋስ ጥሩ እያልኩ ስጮህ የከረምኩት እኔ ነኝ፤ ዋስ ቆሞልኝ ዋሴን ጥዬ ብሄድ በየትኛው ሽምግልና ልቀመጥ ነው? አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። ገበሬው «እያደነቁ ነው» አለ። ያን ጊዜ ራሴም ከሁሉ አስበልጬ ሳቅሁ። ዘበኛው ጫማውን አውልቆ፣ ገመዱን በጥርሱ ነክሶ፣ እያጉረመረመ ወደ መዘውሩ ሲወጣ ሁላችንም ከታች ሆነን «ዘጠኝ ሜትር ነው፣ አይዞህ» እያልን አጀብነው።

በማግስቱ ከቅዳሴ ስንወጣ ሚስቴ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ቀድማኝ ሄደች፤ ና አላለችኝም። በትምህርት ቤቱ በር ተከትያት ገባሁ፣ ከፊት ወንበር ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ፣ ከደብተሯ መሃል አንድ ወረቀት ገነጠልኩ፤ «ቀስ በል፣ ሌላውንም ታወጣዋለህ» አለችኝ። ቀስ አልኩ። ከዚያ እርሳስ ተውሼ፣ በልጅነቴ ካቆምኩበት ፊደል፣ ከ«ነ» ጀመርኩ።